ከጥላው መሃል የበራችው ነጥብ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። በሩ ተከፍቷል። አንድ ሰው ከበሩ ወደ ጎን፣ ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ ያወራል። ድምፁ ይሰማችኋል፣ ፊቱን ግን አታዩትም። ድምፅ ሞገድ ነው፤ ብርሃንም ሞገድ ነው። ታዲያ አንዱ ጥጉን ዞሮ ሲመጣ ሌላው ለምን ቀጥ ብሎ ያልፋል?

ይህን ስጠይቅ ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ «ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ነዋ!» የሚል ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህችኑ ሸምድጄ ፈተና አልፌባታለሁ። ዛሬ ማታ የመጣሁት ግን ላፈርሳት ነው። ብርሃንም ጥግ ይዞራል።

እኔን አትመኑኝ፣ ራሳችሁ እዩት። አመልካች ጣታችሁንና የመሃል ጣታችሁን አቀራርቡ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣቶቻችሁን ወደ ሌላው ዓይን አስጠግታችሁ በመሃላቸው ወደዚያ መብራት ተመልከቱ። አሁን ክፍተቱን ቀስ እያላችሁ አጥብቡት። ሊገጥም ሲል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብቻ ስትቀር፣ በውስጧ ከጣቶቻችሁ ጋር ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ብቅ ይላሉ። ያላየ አይጨነቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስሞክረው ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያየሁት። እነዚያ መስመሮች አቧራም ሽፋሽፍትም አይደሉም። በስንጥቋ ያለፈው ብርሃን ተበትኖ እርስ በርሱ የተጠፋፋባቸው ቦታዎች ናቸው።

ይህን ነገር ዲፍራክሽን እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት ፍራንቸስኮ ማሪያ ግሪማልዲ የሚባል ጣሊያናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነው። በጠባብ ቀዳዳ የፀሐይ ብርሃን ወደ ጨለማ ክፍል አስገብቶ የአንድን ቀጭን ነገር ጥላ ሲለካ፣ ጥላው ብርሃን ቀጥ ብሎ ቢጓዝ ሊኖረው ከሚገባው መጠን ሰፍቶ፣ ዳሩም በቀለማት ተሸልሞ አገኘው። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1665 ነው።

እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከብርሃን ይልቅ ውኃ ይሻላል። ወደብን ከማዕበል የሚከላከል ረጅም ግንብ አስቡ፤ መሃሉ ላይ መርከብ የሚገባበት ክፍተት አለው። ከባሕሩ የሚመጣው ሞገድ ቀጥ ያለ ሰልፍ ነው። ክፍተቱን ካለፈ በኋላ ግን ሰልፉ ይፈርስና እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ከግንቡ ጀርባ የተጠለለችው ጀልባም ትወዛወዛለች። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ እ.ኤ.አ. በ1690 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን እንዲህ አየው፦ እያንዳንዱ የሞገዱ ነጥብ ራሱ የአዲስ ትንሽ ሞገድ ምንጭ ነው፣ ጠጠር እንደወደቀበት ውኃ በክብ ይዘረጋል። ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ጎን ለጎን ያሉት ትንንሽ ሞገዶች ብዙ ስለሆኑ ወደ ጎን የሚሄደውን እርስ በርስ ይሰርዙታል፤ የሚተርፈው ወደፊት የሚሄደው ነው። ክፍተቱ ሲጠብ የሚሰርዝ ጎረቤት ያንሳል፣ ስለዚህ ሞገዱ ወደ ጎንም ያመልጣል።

ሰው ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። የጎማ ቧንቧን አፍ ብታጠብቡት የውኃው ጅረት ይቀጥናል ብለን ስለለመድን፣ ሞገድም ሲጨመቅ የሚቀጥን ይመስለናል። ተቃራኒው ነው። ቀዳዳውን ባጠበባችሁት ቁጥር ሞገዱ ይበልጥ ይሰፋባችኋል። ወሳኙም የቀዳዳው ስፋት ብቻውን አይደለም፤ ከሞገዱ ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት፣ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ወደ በሩ እንመለስ። በሩ 90 ሴንቲሜትር ይስፋ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ 100 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ወፍራም ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ይሆናል። በሩ ለእሱ ጠባብ ቀዳዳ ነው፣ ሲያልፍ በየአቅጣጫው ይዘረጋል። 10,000 ኸርዝ የሆነው ቀጭን ድምፅ ግን 3.4 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ በሩ ይሰፋዋል፣ ቀጥ ብሎ ያልፋል። የሚታይ ብርሃንማ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፣ አንድ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በሩ ከእሱ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይዞራል፣ ግን እዚህ ግባ በማይባል መጠን። (በቤት ውስጥ የሚሰማን ሁሉ ዞሮ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣም ብዙ ነው።)

እስቲ ማይክሮፎኑን አስቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቻችሁ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ልድገማት። ሰማችሁ? «አ» እና «ኦ» ደርሰዋችኋል፤ «ሰ» እና «ፈ» ግን ደብዝዘዋል። አናባቢዎቹ ረጅም ሞገድ ስላላቸው ጭንቅላቴን ዞረው መጡ፤ የ«ሰ» ፉጨት አጭር ሞገድ ስለሆነ አብዛኛው ከፊቴ ቀረ።

አሁን የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1817 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ስለ ዲፍራክሽን ውድድር አወጣ። ኦገስተን ፍሬኔል የተባለ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ብርሃን ሞገድ ነው የሚል ስሌት ይዞ ቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ ሲሜኦን ፑዋሶን ነበር፤ ታላቅ የሒሳብ ሰው፣ ብርሃን የጥቃቅን ቅንጣቶች ጅረት ነው ባይ። ፑዋሶን የፍሬኔልን ስሌት እስከ መጨረሻው ገፋውና አንድ ጉድ አወጣበት፦ ክብ ሳህን በብርሃን ፊት ብናቆም፣ በጥላው ትክክለኛ መሃል ላይ የበራች ነጥብ ልትኖር ነው! ጥላው እጅግ ሊጨልም በሚገባው ቦታ! ለእሱ ይህ የስሌቱ መቀበሪያ ነበር።

ሌላው ዳኛ ፍራንስዋ አራጎ ግን ክርክሩን ትቶ ሞከረው። 2 ሚሊሜትር የሆነች ክብ ብረት በብርሃን ፊት አቆመ። ነጥቧ ነበረች። ምክንያቱም ከክቡ ጠርዝ ዙሪያውን ተነሥቶ ወደ መሃል የሚመጣው ሁሉ እኩል ርቀት ስለሚጓዝ፣ ሁሉም ሞገድ በአንድ እርምጃ ይደርሳል፤ እዚያ የሚሰረዝ የለም፣ ይደመራል። ሽልማቱን ፍሬኔል ወሰደ። ነጥቧ ግን እስከ ዛሬ የምትጠራው በተቃወማት ሰው፣ በፑዋሶን ስም ነው። ይባስ ብሎ ጃኮሞ ማራልዲ የተባለ ሰው ከዚያ በፊት አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀድሞ አይቷት ነበር፤ ምን እንዳየ የሚነግረው ስሌት ስላልነበረ ተረሳች።

ይህ የጥላ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቴሌስኮፕም ለብርሃን ቀዳዳ ነው፤ መስተዋቱ የቱንም ያህል ቢወለወል የኮከብ ምስል ፍጹም ነጥብ አይሆንም፣ በዲፍራክሽን ትንሽ ይሰፋል። ሕዋ ላይ ካሉት ቴሌስኮፖች የሐብል መስተዋት 2.4 ሜትር፣ የጄምስ ዌብ 6.5 ሜትር ነው። ዌብ ግን የሚያየው ረዘም ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ሞገድ ስለሆነ፣ በ2 ማይክሮሜትር (2,000 ናኖሜትር) ላይ የምስሉ ጥራት ሐብል በሚታይ ብርሃን ከሚያነሣው ብዙም አይርቅም። በዌብ ፎቶዎች ላይ ከከዋክብት የሚወጡት ስድስት ረጃጅም ሾኾችም የከዋክብቱ አይደሉም፤ ስድስት ማዕዘን ያላቸው የመስተዋቱ ቁርጥራጮች ጠርዝ ያመጣቸው ናቸው።

ቀዳዳው በአተሞች መካከል እንዳለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ከሆነ ደግሞ አጭር ሞገድ እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በማክስ ፎን ላወ ሐሳብ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ከአተሞቹ ረድፍ ተበትኖ በፎቶ ሰሌዳ ላይ የነጥቦች ንድፍ ተወ። ከንድፉ ተነሥቶ የአተሞቹን አቀማመጥ ማስላት ይቻላል። የዲኤንኤ ጥምዝ ቅርጽ የተገመተው እ.ኤ.አ. በ1952 በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ በተነሣ እንዲህ ያለ ፎቶ ጭምር ነው።

እኛም አሁን እናስላ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ሌዘር አለ፣ 650 ናኖሜትር። ግድግዳው ከእሱ 3 ሜትር ይርቃል። በጨረሩ መንገድ ላይ፣ ከሌዘሩ አፍ አጠገብ፣ አንዲት ፀጉር እንወጥራለን፤ ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ወደ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ በየመሃሉ ጨለማ ቦታ ይኖራል። ከመሃሉ እስከ መጀመሪያው ጨለማ 2.8 ሴንቲሜትር ከሆነ ፀጉሯ 0.07 ሚሊሜትር ነች። ቀጠን ያለች ከሆነች ንድፉ ይሰፋል። ወደ ሌዘሩ በቀጥታ ማንም እንዳያይ አደራ። ፀጉር ግን ከእናንተ ነው፤ የእኔን ራስ እያያችሁት ነው።

መብራቱን አጥፉልን።