ፊት አላጣንም፤ ያጣነው ፊርማ ነው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ከሕፃናት የሕዝብ ቴሌቪዥን ሥራ ጡረታ ስወጣ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእናንተ ፊት፣ በአማርኛ እንድናገር ስለጠራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አዘጋጆቹ «የሥራ ዘመንሽን አጫውቺን» ብለውኛል። አጫውታችኋለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

በዚህ አዳራሽ ያለን ትልልቆቹ አባባ ተስፋዬን እያየን ያደግን ነን። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን፣ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ለእያንዳንዳችን የተናገሩ ይመስለን ነበር። ቋንቋቸው የእኛ፣ ተረታቸው የእኛ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ያን አላገኙም። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት ለዚያ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ ጣቢያ የብዝኃነት ኃላፊ፣ ማለትም የሁሉም ዓይነት ሕዝብ ልጆች በፕሮግራሞቹ እንዲታዩ የምትሠራ፣ ተብዬ ተሾምሁ። ቢሮ ተሰጠኝ፤ በሩ ላይ ስሜ ተለጠፈ፤ ፎቶዬ በዓመታዊው ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጣ። በዚያ ሰሞን ገና ትምህርት ቤት ላልገቡና ለጀማሪ ልጆች አጫጭር ፊልሞች ይሠሩ ነበር። በአንዱ ውስጥ አንዲት የእኛ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች። ውስጡ ፍርፍር ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ «ምንድን ነው?» ይላታል፤ ታጎርሰዋለች፤ አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ለዚያች ግማሽ ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰበሰብን። አንዱ «ፍርፍር ማንም አያውቅም፣ በሩዝ ይለወጥ» አለ። ሌላዋ ልጅቷ በእጇ መብላቷን አልወደደችውም፤ ሹካ ትያዝ አለች። ሦስተኛው «ተመልካቻችን ለዚህ ገና አልተዘጋጀም» አለ። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኔም ተነስቼ ተናገርሁ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ምሳ ዕቃዋን እንዳልተነካ ይዛ ትመለስ እንደነበር ነገርኋቸው። ሌሊት ሥራ አድሬ መጥቼ፣ እንቅልፌን ትቼ ያሰናዳሁትን ፍርፍር! ስጠይቃት አትናገርም። በኋላ መምህሯ ጠራችኝ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ስለያዙባት፣ ልጄ የምሳ ሰዓቱን ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ ነበር የምታሳልፈው። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ነበር። አመሰገኑኝ። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ማታ ለልጄ «ፍርፍርሽ በቴሌቪዥን ሊመጣ ነው» አልኋት። ለጓደኞቿ ሁሉ ተናገረች። ቀኑ ደርሶ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጅቷ መጣች፤ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ ሩዝ ነው፤ በሹካ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ፍርፍሩስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ የፊልሙን ማጽደቂያ ወረቀት አስወጥቼ አየሁት። አራት የፊርማ ቦታ አለው። የብዝኃነት ኃላፊ የሚል ግን የለም። ለሽፋን ፊቴን ፈለጉት፤ ለውሳኔ ፊርማዬን አልፈለጉትም።

ወገኖቼ፣ እኔ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! ልጆቻችንን ለፖስተር ይጠሯቸዋል፤ እኛን ለበዓል ቀን ይጠሩናል፤ በአበሻ ልብስ ፎቶ እንነሳለን፤ ቡና እናፈላላቸዋለን። በጀት የሚቆረጥበት ክፍል ውስጥ ግን ማን አለ? የማይፈርም ኃላፊ ኃላፊ አይደለም! ይህን ሰላሳ ዓመት በየስብሰባው ለስልሼ ስናገር ኖሬያለሁ። ዛሬ ሳላለሳልስ እላለሁ።

«ገና አልተዘጋጀም» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ሰሰሚ ስትሪት የሚባለው የአሜሪካ የሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ኅዳር 10 ቀን 1969፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መታየት ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ደጃፍ ላይ አብረው ይጫወታሉ። በ1970 የሚሲሲፒ ግዛት የትምህርት ቴሌቪዥን ኮሚሽን ፕሮግራሙ እንዳይታይ ወሰነ። ምክንያቱ ልጆቹ ተቀላቅለው መታየታቸው ነበር፤ ግዛቷ ለዚህ ገና አልተዘጋጀችም ተባለ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሕዝብ ተቆጣ፤ ከሦስት ሳምንት ግድም በኋላ ውሳኔውን ሻሩት። ሕፃናቱማ መቼ ተጠየቁ? ያልተዘጋጁት የሚፈርሙት ናቸው።

በዚያው ግዛት፣ ጃክሰን ከተማ፣ ደብሊው ኤል ቢ ቲ የሚባል ጣቢያ ነበር። የጥቁሮችን የመብት ትግል ከአየር ላይ ሲያስቀር ኖሮ፣ ከተማው ውስጥ ያሉ ጥቁሮችና አንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ዓመታት ተሟግተው በ1969 ፈቃዱን በፍርድ ቤት አሳጡት። በ1972 ዊልያም ዲልዴይ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ለመቀመጥ በአገሪቱ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ለዚህ ሰው የሰጡት የግድግዳ ፎቶ አይደለም። መቅጠር፣ ማሰናበት፣ ማጽደቅ የሚችልበት ወንበር ነው። ወንበሩንም ያስገኙት ቤታቸው ተቀምጠው የሚያዩ ተመልካቾች ናቸው፤ እንደ እናንተ ያሉ።

እኛም አይተነዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አማርኛ በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ የገባው በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሲወጣ ነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለአስተርጓሚነት ይዘው መሄድ የቀረላቸው ሕግ ስለተፈረመ ነው።

እኔም ከዚያ ጣቢያ ለቀቅሁ። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ሹመት ሲመጣልኝ «አንድ የፊርማ መስመር ጨምሩልኝ፤ አለዚያ አልገባም» አልሁ። ስምንት ወር አስጠበቁኝ። ጨመሩት። መጀመሪያ የፈረምሁበት ፊልም ላይ አንድ ወንድ ልጅ ከአያቱ ጋር መሶብ ቀርቦ በእጁ ይበላል። ልጄ ያኔ ኮሌጅ ገብታ ነበር። ላክሁላት።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልበል። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ብሮድካስት፣ ማለትም ያለ ክፍያ ለሚታዩትና ለሚሰሙት የሕዝብ ጣቢያዎች፣ ይሰጥ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል፤ ለጣቢያዎች ያከፋፍል የነበረው ኮርፖሬሽንም መዘጋት ጀመረ። ለሕፃናት የንባብ ዝግጅቶች የሚውለው የፌዴራል ድጋፍ ከዚያ ቀደም ብሎ ተቋርጧል። ኬብል የማይከፈልበት ቤት ያለ ልጅ ነው የሚጎዳው። ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችን ያ ቤት ነበርን።

ጣቢያዎች ግን አሁንም አሉ። ብዙዎቹ የአካባቢ አማካሪ ቦርድ አላቸው፤ ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። በሥራ ዘመኔ እነዚያ ወንበሮች ላይ የእኛን ሰው ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ በሩ አጠገብ፣ የቡናው ጠረጴዛ ላይ፣ የአካባቢያችንን ጣቢያዎች የስብሰባ ቀን ጽፌ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ከሥሩ ባዶ መስመሮች አሉ። አብሮኝ የሚሄድ ስሙን ጽፎ ይፈርም። የመጀመሪያው ስብሰባ የፊታችን ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ መኪና ለሌለው እኔ እወስዳለሁ።

አመሰግናለሁ።