የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ፦ በካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰው ምን ይቅረብ፣ እንዴት ይቅረብ?

[ምስል፦ ሞልቶ የቀረበ የእንጀራ ትሪ፤ ከጎኑ አንድ የሻይ ሳህን]

ኬሞ (ኬሞቴራፒ፣ የካንሰር መድኃኒት) የጀመረ ሰው ባለበት ቤት የምሳ ሰዓት ይከብዳል። ትሪው ሞልቶ ይቀርባል። ታካሚው ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። ከዚያ ልመናው ይጀምራል፦ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ላለማስቀየም ይጎርሳል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። በማግስቱ ትሪው ገና ከጓዳ ሲወጣ ፊቱን ያዞራል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ልመናውን እናቁም። ከፍቅር የመጣ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ምግብና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ እንዲታሰቡ ያደርጋል።

ፍላጎት የሚዘጋው ታካሚው ስለሰነፈ ወይም ተስፋ ስለቆረጠ አይደለም። ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ የሚያስነሳው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) አንጎል ድረስ የሚደርሱ ኬሚካሎችን ያመነጫል፤ እነሱ የረሃብን ስሜት ያደክማሉ። ኬሞው ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚያጠቃ የምላስን ጣዕም የሚለዩትን፣ የአፍንና የአንጀትን ስስ ሽፋንም አብሮ ይነካል። አንገት ወይም ሆድ ላይ የሚሰጥ ጨረርም ባረፈበት ቦታ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ፣ ጭንቀቱና የሆድ ድርቀቱ ሲጨመር መብላት ሥራ ይሆናል።

«ለምን አትበላም?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። «ሲቀርብልህ ምን ይሰማሃል?» በሉት። «አፌን ብረት ብረት ይለኛል»፣ «ሽታው አንገሸገሸኝ»፣ «ሁለቴ ስጎርስ ጥግብ እላለሁ»፣ «ሲወርድ ያቃጥለኛል»፣ «ሆዴ ከተነፋ ሦስት ቀኑ»። አምስቱም መልሶች የተለያየ መፍትሔ ነው ያላቸው።

[ምስል፦ የግድግዳ ሰዓት፤ በላዩ ስድስት ምልክት]

ረሃብ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ላይመጣ ይችላል። ምግብን እንደ መድኃኒት በሰዓት አድርጉት፦ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል። መጠኑ በሻይ ሳህን፣ ከአምስት እስከ ስምንት ጉርሻ። ከዚህ ያነሰ ከበላም ሳህኑን ያለ ወሬ አንሱ፤ ቀጣዩ ሰዓት ሩቅ አይደለም። ሌሊት ነቅቶ የሆነ ነገር ካሰኘውም ያኔውኑ ስጡት።

ብዙ ታካሚ ጠዋት ይሻለዋል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ቀትር፣ ያውም በግንቦትና በሰኔ፣ ጤነኛውንም ምግብ አያሰኘው። ስለዚህ የድሬ ሰው ከባዱን ምግብ ወደ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ያምጣው፦ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ወይም ቃሪያ የሌለው ፉል ዘይት ጠብ ተደርጎበት ከበሰለ እንቁላል ጋር። ስድስት ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል፤ እርጎ ወይም በወተት የተመታ ፓፓያ ይበቃል። ሐረር አየሩ ቀለል ስለሚል ምሳውን ጠንከር ማድረግ ይቻላል።

ውሃ ከምግብ ጋር አይሁን። ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ቢጠጣ ሆድ ውስጥ ለምግቡ ቦታ ይተርፋል። ለስላሳ መጠጥም በጋዙ ሆድ ይነፋል። ቀኑን ሙሉ ግን ትንሽ በትንሹ እየተጎነጨ ስምንት ብርጭቆ አካባቢ ይድረስ፤ ሐኪም ፈሳሽ ቀንስ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር። ከምግብ በፊት ግቢ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዞር ዞር ማለት ፍላጎትን ይቀሰቅሳል።

[ምስል፦ ሁለት ኩባያ ጎን ለጎን፤ አንዱ መረቅ፣ አንዱ አጥሚት]

አሁን ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ለታመመ ሰው መረቅ ይሠራል፤ ሐረር ላይ አብሹ አረፋ እስኪሆን ተመትቶ ሁልበት መረቅም ይቀርባል። መረቅ ጉሮሮ ያረጥባል፣ ፈሳሽም ይተካል፤ ግን ቀጭን መረቅ ሆድ ሞልቶ ብዙም ጉልበት አይሰጥም። ከሰጣችሁ ድንች ወይም ምስር ፈጭታችሁ፣ እንቁላል መትታችሁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ስጡ። ያቺ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻዋን 120 ካሎሪ ገደማ አላት፤ ጣዕም ሳትለውጥ ትገባለች።

መለኪያ እንዲኖራችሁ፦ 50 ኪሎ የሚመዝን ታካሚ በቀን ከ1,250 እስከ 1,500 ካሎሪና ከ60 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የኩላሊት ችግር ያለበት የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ይጠይቅ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው።

ከሁሉ የምንመርጠው የተጠናከረ አጥሚት ነው፤ የሚጠጣ ነገር ከሚታኘክ ይልቅ ለደከመ ሰው ይቀላል። ለአንድ ትልቅ ኩባያ 3 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ሙቅ ውሃ ላይ ዱቄት መነስነስ ጓል ያመጣል፤ ጓል ደግሞ አፉ ለቆሰለ ሰው መከራ ነው። እሳት ላይ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ አብስሉ። አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ጨምሩ። ለብቻው ስኒ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ልሞ የተፈጨ ኦቾሎኒና 1 ማንኪያ የዱቄት ወተት በለብታ ወተት አቅጥኑና አዋህዱት፤ ሳይቀጥን ከገባ ከታች ይዘቅጣል። 1 ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው ቆንጠር አድርጉ። ወደ 450 ካሎሪና 17 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር በወተት አቅጥኑት። በአንድ ትንፋሽ አይጠጣ፤ ግማሽ ሰዓት ይፍጅ። ወተት ሆዱን ከነፋው ወይም ካስቀመጠው በእርጎ ሞክሩት።

ኦቾሎኒው የባቢሌም ይሁን የሌላ አገር፣ የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የጠቆረውን ለቅማችሁ ጣሉ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የምሥራቁ ገበያ ሌላም አለው፦ ስኳር ድንች ተቀቅሎ በወተትና በቅቤ ተድጦ፣ ቴምር፣ ሐልዋ፣ ሙሸበክ። ጣፋጩ ቢያስደነግጣችሁ አይገርመንም፤ «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» የሚለው ወሬ ብዙ ታካሚ አክስቷል። ስኳር መተው ዕጢውን አያስርበውም። ስኳር በሽታ ከሌለበትና እየከሳ ካለ ይብላ።

[ምስል፦ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ የተቆረጠ ሎሚ]

ብረት ብረት ለሚለው አፍ የብረት ማንኪያውን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ቀይሩ። ቀይ ሥጋ ከመረረው ዶሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሽሮ ይሞከር። አፉ ካልቆሰለ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይረዳል። የተጠላ ምግብ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊወደድ ስለሚችል ለዘለዓለም አትሰርዙት። ሽታ ለሚያስቸግረው ቁሌቱ ውጭ ይቁላላ፣ ክዳኑም እሱ ፊት አይከፈት፤ ዕጣኑም ለጥቂት ጊዜ ይቅር።

አፍ ሲቆስል በርበሬ፣ ሎሚ፣ የኮመጠጠ እንጀራና የሚቧጥጥ ደረቅ ዳቦ ይቆዩ። 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ ይጉመጥመጥና ይትፋው። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አይተካውም። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ምላሱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ከታየ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይታይ፤ መድኃኒት አለው።

[ምስል፦ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከመኪና መስኮት]

ከድሬዳዋ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ለሕክምና የሚመላለስ ሰው የደንገጎን ጥምዝምዝ ከማቅለሽለሹ ጋር ይደርብበታል። ባዶ ሆድም ሙሉ ሆድም አይጠቅምም፤ ከመነሳቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ይብላ። ፊት ወንበር ይያዝለት። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለመንገዱም ይሆነው እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብስኩት፣ ውሃና ፌስታል ይዛችሁ ውጡ። በኬሞ ቀን ግን በጣም የሚወደውን ምግብ አትስጡት። ካስመለሰው አንጎል ጥፋቱን በምግቡ ላይ ያላክካል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ምግብ ለወራት ላያየው ይችላል።

ጫትን ሳናነሳ ብናልፍ የድሬና የሐረር ሰው ይስቅብናል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ዘመድ ነው፤ ረሃብን ያጠፋል፣ ምግብ ከሆድ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገያል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የቆሰለ አፍም ይቧጥጣል። በሕክምና ወቅት ቢተው ነው የሚሻለው። በአንዴ መተው ያልቻለ ቢያንስ ከምሳ በፊት አይጀምር፤ እየቃመ መሆኑንም ለሐኪሙ አይደብቅ፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስለሚመለከት።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት ማቅለሽለሹ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በታዘዘው ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ከምግብ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ይወሰዳል። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ትራማዶልና ሞርፊንም እንዲሁ። ሆዱ የደረቀ ሰው ደግሞ አይበላም፤ ቤተሰቡ ግን ምግቡን እየለዋወጠ ይደክማል። ሁለት ቀን ካልወጣ ንገሩ፤ ማለስለሻ ይታዘዛል። ዴክሳሜታሶን፣ ሰዉ «ዴክሳ» የሚለው፣ ለጥቂት ጊዜ ፍላጎት ይከፍታል፤ ሐኪም ያዝዘዋል። «ያወፍራል» ተብሎ ከፋርማሲ በራስ መግዛት ግን አደጋ ነው፦ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የኢንፌክሽን ምልክት ይሸፍናል፣ ጡንቻ ያሳሳል።

[ምስል፦ እሳት ላይ የሚፈላ ወተት]

ከኬሞ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ስለሚል ሰውነት ጀርምን መከላከል ይሳነዋል። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አይነኩ። የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ጥሬውን መጠጣት የለመደ ሰው «ሲፈላ ጣዕሙ ይጠፋል» ይላል። ይጥፋ፤ ከጥሬ ወተት በሚመጣው ብሩሴሎሲስ ከመታመም ይሻላል። እርጎም ከፈላ ወተት ቤት ውስጥ ይሠራ። የበሰለ ምግብ ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ ማለት ከምሳ የተረፈው ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ ፍሪጅ ከሌለም ለታካሚው አይቀመጥለት ማለት ነው።

ጾም ላይ ብዙ አንልም። በእስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ኦርቶዶክሱም የንስሐ አባቱን ያማክር። በጾም ምግብ ለመቆየት የወሰነ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሱፉንና ኦቾሎኒውን በዘይት ያበርታ።

[ምስል፦ የክብደት ሚዛንና ደብተር]

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘን። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠበቅም። እግሩ ወይም ሆዱ ያበጠ ሰው ግን ውሃው ክብደቱን ስለሚሸፍን በሚዛን ብቻ አትታለሉ፤ ክንዱንና ጉንጩን እዩ። ሙቀቱ 38 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አታሳድሩት። 24 ሰዓት ሙሉ ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ ካልቆየ፣ ሽንቱ ከጠቆረና ካነሰ፣ መዋጥ ካቃተው እንዲሁ።

በቀጠሮው ቀን ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «አይበላም» ከሚለው ይልቅ «ረቡዕ ሁለት ኩባያ አጥሚት፣ ሐሙስ ምንም፤ ሆዱ ከሰኞ ጀምሮ አልወጣም፤ ክብደቱ 52 ከነበረው 50» የሚለው ለሐኪሙ ይጠቅማል። ከዚያ ተነስቶ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ሊለውጥ፣ የሕመም ማስታገሻውን ሊያስተካክል፣ አስፈላጊ ከሆነም በቱቦ ስለመመገብ ሊያነጋግራችሁ ይችላል።