ቻቴራ ድረስ የሄደ ጋዜጣ
(በጋዜጠኞች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

የሊቀ መንበር ንግግር ሲረዝም ሻዩ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ አንድ ሰው ብቻ ልናገር፤ ስለ ሕንዳዊው ጋዜጠኛ ቢ. ጂ. ቨርጊስ።

ቨርጊስ ሙያውን በ«ታይምስ ኦቭ ኢንዲያ» ጀምረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ የማስታወቂያ አማካሪ ነበሩ። ከዚያ የ«ሂንዱስታን ታይምስ» ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ከመንግሥት ቢሮ ወደ ዝግጅት ክፍል የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንበር እንጂ አለቃ አይቀይርም። እርሳቸው ግን በዚያው በ1969 ዘጋቢዎቻቸውን ከዴልሂ ብዙም ወደማትርቅ ቻቴራ ወደምትባል የገበሬዎች መንደር መላክ ጀመሩ። አንድ ቀን ደርሶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለመመለስ አልነበረም። መንደሯ በዋና ከተማው ትልቅ ጋዜጣ ላይ ቋሚ ዓምድ ተሰጣት፤ ዘጋቢዎቹም እየተመላለሱ ኑሮዋን ጻፉ።

ይህን እያሰብኩ ትናንት ማታ የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ትቶበታል። የአንድ ወር ሥራዬን ቆጠርኩ፤ 23 ስብሰባ፣ 1 የገበያ ቀን። ገበያውም የተገኘው የመኪናችን ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ ስለቀረን ነው። አንዲት እናት የነገሩኝ የሽንኩርት ዋጋ በእርሳስ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። ጋዜጣው ላይ ግን አልወጣም።

ወደ ቨርጊስ ልመለስ። በ1974 ሕንድ ሲኪም የተባለችውን ትንሽ የሂማላያ ንጉሣዊ ግዛት ወደ ራሷ ለመጠቅለል ስትንቀሳቀስ፣ የቀድሞ አለቃቸውን መንግሥት በርዕሰ አንቀጽ ነቀፉ። በ1975 ከዋና አዘጋጅነታቸው ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ አገሪቱ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ጋዜጦች በቅድመ ምርመራ ሥር ወደቁ፤ ለእርሳቸው ደግሞ በእስያ ትልቅ ክብር ያለው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጣቸው። ሸላሚዎቹ ያመሰገኗቸው ስለ ልማት ሲዘግቡ ስኬቱን ከነጉድለቱ በማቅረባቸው ነው። እኛ «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ስንደጋግመው ኖረን «ከነጉድለቱ» የምትለዋን እንዴት እንደጣልናት ይገርመኛል።

በ1977 በደቡብ ሕንድ በምትገኘው በኬረላ ግዛት ለፓርላማ ተወዳድረው ተሸነፉ። ለጋዜጣ ግን ሽንፈቱ ሳይበጅ አልቀረም፤ ከ1982 እስከ 1986 «ኢንዲያን ኤክስፕረስ»ን መርተዋል።

በእጃችሁ ባለው አጀንዳ ተራ ቁጥር 4 ላይ፣ ፈቃደኛ የሆነ እያንዳንዱ ዝግጅት ክፍል አንድ የገጠር ቀበሌ መርጦ ለሁለት ዓመት እየተመላለሰ እንዲዘግብ የሚጠይቅ ሐሳብ አለ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ስለ መኪናና ስለ ውሎ አበል ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ፤ በሕዝብ አውቶቡስ ነው የሚኬደው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያንብቡልን።