በገናና ሲንተሳይዘር፦ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ክፍል የሰማሁት

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ኮርስ ላወራችሁ ነው።

በዚህ ሴሚስተር አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መግቢያ እየተማርኩ ነው። ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ። ይሄን ለሰዎች ስነግራቸው አንዳንዶቹ «ዲጄ ልትሆኚ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ቅር ይላቸዋል። «ሙዚቃችንን የገደለው እሱ ኪቦርድ አይደል?» ይላሉ።

ይሄኛው ቅሬታ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የከተማውን ምሽት ዘጋው። ትልልቆቹ ባንዶች ተመናመኑ። ከዚያ የትራምፔቱንም የሳክስፎኑንም ቦታ አንድ ኪቦርድ ያዘው። ያን የባንድ ድምፅ የሚወድ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም። ግን ጥፋቱን ኤሌክትሪኩ ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን አስቡት። በዋልያስ ባንድ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነው) እና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሃደው። ያን ሥራ ሰምቶ «ማሽን ነው» የሚል ያለ አይመስለኝም። ሰውየው ድምፁን ራሱ ፈልጎ ነው ያገኘው። የሚያደነዝዘን ከፋብሪካ የመጣውን ድምፅ እንዳለ ተቀብለን አንድ ቁልፍ ተጭነን ስንሄድ ነው።

መምህራችን ኮርሱን የጀመረው በኪቦርድ አይደለም። «መቅጃ ይዛችሁ ውጡ» አለን። ዜማ መቅዳት አይቻልም፣ የከተማ ድምፅ ብቻ። እኔ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። የታክሲ ረዳቶችን ቀዳሁ፣ የጊዮርጊስን ደወል ቀዳሁ፣ ባቡሩን ቀዳሁ። በጣም የወደድኩት ግን የሊስትሮውን ነው። ታውቁታላችሁ፣ አንዱን ጫማ ሲጨርስ በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ቋ! ያደርጋል። እግር ቀይር ማለት ነው። ያቺን አንዲት «ቋ» ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ፍጥነቷን በግማሽ ቀነስኩት። ድምፅ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ እርዝመቱ እጥፍ ይሆናል፣ የድምፁ ከፍታም አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ኦክታቭ ማለት ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው። እንደገና በግማሽ ቀነስኩት፣ ሌላ ኦክታቭ ወረደ። የእንጨቱ «ቋ» ቀስ በቀስ ከበሮ ሆነ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹ መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም ተሰማ። በሌላ ቀን ሄጄ ለልጁ በሄድፎን አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰማና «እህት፣ ይሄ የኔ ሣጥን ነው?» አለኝ። ሣጥኑን አገላብጦ አየው።

የዚህ አሠራር ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ መነሻው ፓሪስ ነው። ፒዬር ሼፈር የሚባል የሬዲዮ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡር ድምፅ ቀድቶ፣ ቆራርጦና ደጋግሞ ሙዚቃ ሠራበት። መምህራችን እሱን ካሰማን በኋላ ወደ ካይሮ መለሰን፣ አራት ዓመት ወደ ኋላ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ወጣት ግብፃዊ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተሸክሞ ሄዶ የሴቶች ሥርዓት ቀዳ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ማሚቶ ጨመረበት፣ ደጋግሞ ቀዳው፣ ድምፁን ለወጠው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው።

የቀዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዛር! እኛ የምናውቀው ዛር። ብዙ ተመራማሪዎች የዛርን ሥርዓት መነሻ ከኢትዮጵያ ጋር ያያይዙታል።

ኤል ዳብ በኋላ ኒው ዮርክ ሄዶ በትልቁ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ ሠራ። ከዚያስ? አዲስ አበባ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ ከየአካባቢው የመጡ ተጫዋቾችን አንድ ላይ ያስቀመጠውን ኦርኬስትራ ማለቴ ነው። በቴፕና በማሽን የታወቀ ሰው ስድስት ኪሎ መጥቶ የሰበሰበው የእኛን ክርና ቆዳ ነው። ይሄን ስሰማ ደስ ከማለቱ ብዛት ሆዴ ባባ። ከክፍላችን በእግር የሚደረስበት ቦታ እኮ ነው!

አሁን ወደ በገናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ኮርሱ ውስጥ በጣም የነካኝ እሱ ነው።

ሲንተሳይዘር ላይ «የመጋዝ ሞገድ» የሚሉት ድምፅ አለ። ቅርፁ የመጋዝ ጥርስ ስለሚመስል ነው። 110 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 110 ጊዜ እየነዘረ ብታሰሙት፣ 110 ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ 220ም፣ 330ም፣ 440ም፣ እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ ሻካራ ነው፣ ይነዝራል። ከዚያ ፊልተር ይመጣል። ፊልተሩ እንደ ወንፊት ነው፤ የላይኛዎቹን ድምፆች አስቀርቶ የታችኞቹን ያሳልፋል። ግማሹ የሲንተሳይዘር ጥበብ እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ድምፅ ያለበትን ነገር ወስዶ የሚፈልጉትን ብቻ ማሳለፍ።

አንድ ማታ ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ዐቢይ ጾም ላይ የቀዳውን በገና ይዞ መጣ። ድምፁን እስክሪን ላይ አየነው። ልክ እንደ መጋዙ ሞገድ ከሥር እስከ ላይ መስመር በመስመር ተደርድሯል። ክፍሉ ጸጥ አለ። የበገና ደርዳሪዎች ይሄን ድምፅ የሚያገኙት በእንዚራ ነው። እንዚራ በክሩና በመቆሚያው መሃል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ደርዳሪው ቁራጩን ወዲህ ወዲያ ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ክሩ መነዘር ይጀምራል። አሥሩም ክር ላይ እንዲህ ነው። እኛ ቁልፍ አዙረን የምንፈልገውን ንዝረት እነሱ በቆዳ፣ በጆሮና በትዕግሥት ሲሠሩት ኖረዋል። ስለዚህ ሲንተሳይዘርን ለአዲስ አበባ ልጅ ሲያስተምሩ በበገና ቢጀምሩለት እላለሁ። ሞገዱ ቶሎ ይገባዋል፣ ጆሮው ያውቀዋልና።

ያልተፈታ ጣጣ ግን አለ፣ ቅኝት። የኮምፒውተሩ ፒያኖ ኦክታቭን እኩል 12 ቦታ ነው የሚከፍለው። ክራር መቺው በጆሮው ነው የሚቃኘው። ለመጨረሻው ፕሮጀክቴ አንድ ክራር ተጫዋች አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት እንዲቃኝልኝ ለምኜ እያንዳንዱን ክር ለካሁት። አንዱ ክር በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሃል ቁጭ አለ። ሶፍትዌሩ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ሊስበው ይፈልጋል። ሲስበው ዜማው ይሞታል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ደግነቱ ብዙዎቹ ሲንተሳይዘሮች ድምፁን በሴንት እየለኩ ማስተካከል ይፈቅዳሉ፤ ሴንት ማለት በሁለት ጎረቤት የፒያኖ ቁልፎች መሃል ያለው ርቀት አንድ መቶኛ ነው። አድካሚ ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ግን ክሩ ያለበት ቦታ ላይ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

ሥራው ሲያልቅ እዚሁ አሰማችኋለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ክራር የሚመታ፣ በገና የሚደረድር ሰው ካለ፣ አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅዱልኝ። ዜማውን ብቻ ሳይሆን ከዜማው በፊት ክሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ያለውንም። እሱን ነው የምፈልገው። ደህና ሁኑልኝ።