ከበርጫ በኋላ የሚዋጠው ክኒን

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ የመኪና ባለንብረቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። ዛሬ የቆምኩት ጫት ተዉ ልላችሁ አይደለም፤ እሱን የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከጫቱ በኋላ የሚዋጠው ክኒን ነው።

ማታ ልንዘጋ ስንል አንድ ሾፌር ይመጣል። ከጅቡቲ ጭኖ፣ ገላፊን አልፎ፣ መንገዱን ሙሉ ሲቅም የመጣ ነው። ዓይኑ ፈጧል። «እህቴ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የሚያስተኛ ነገር ስጪኝ። ለራስ ምታቱም ጨምሪልኝ» ይላል። ስለ ጫቱ ግን አይነሳም። እሱ አይናገርም፣ ብዙ ጊዜ ሻጩም አይጠይቅም።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ልብ ያስመታል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል። በኮባ ተጠቅልሎ መኪናው እየበረረ ገበያ የሚደርሰውም ለዚህ ነው። እንግዲህ የቃመ ሰው መድኃኒት ወስዷል ማለት ነው።

በብዛት ያለ ማዘዣ የሚገዙት የሚያስተኙ ክኒኖች እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው አንድ ይውጣል። አይተኛም። «አልያዘኝም» ብሎ ይደግማል። አንዳንዱ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃና ማውረጃ መጠጥ፣ ያክልበታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ይወርዳል፤ ክኒኖቹ ግን ገና ሥራ ላይ ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ረዳቱ ይቀሰቅሰዋል። ፊቱን ታጥቦ፣ ነቅቻለሁ ብሎ መሪ ይይዛል። ከኋላው አራት መቶ ኩንታል አለ።

ክኒኑና መጠጡ ሲደራረቡ ደግሞ ትንፋሽ ራሱ ሊዳከም ይችላል። ዲያዜፓም የሚባለው በሐኪም የሚታዘዝ ማረጋጊያ ክኒን ከጓደኛ ኪስ ወደ ጓደኛ ኪስ ሲዞር አያለሁ። እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም አይነካ። ከአንድ ቀን በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል።

ወደ ሕመም ማስታገሻው ልምጣ። የቃመ ሰው ምግብ አይበላለትም። በባዶ ሆድ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሲጨምርበት ጨጓራው ሊቆስል፣ ደም ግፊቱም ሊብስ ይችላል። ሰገራችሁ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ፓራሲታሞል ይሻላል፣ ግን ልክ አለው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ክኒን የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ለሚጠጣ ሰው ከዚያም ያንሳል። ጫት ጨጓራ ወደ አንጀት የሚያወርድበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ስለዚህ ማስታገሻው ሊዘገይባችሁ ይችላል። ዘገየ ብሎ መደገም ነው ጉበትን የሚጎዳው። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። አንዳንዶቹ አፍንጫ የሚከፍት ሱዶኤፌድሪን አላቸው፤ ያ ከጫት ጋር ተደምሮ ልብ ላይ ጫና ይፈጥራል።

ኮዴይን የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ጫት ይህን ኢንዛይም እንደሚያዳክም በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ትራማዶል የሚባለው ሌላው ጠንካራ ማስታገሻም በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ኢንዛይም እርዳታ ነው። ቃሚው «አልሠራልኝም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ ትራማዶል ሲበዛ ደግሞ ሰውን እያንቀጠቀጠ ሊጥል ይችላል። መሪ ላይ ሆናችሁ አስቡት።

ለባለንብረቶች አንድ ነገር ልበል። ሾፌሩ የሚቅመው ስለወደደ ብቻ አይደለም። «ዛሬ ካልደረስክ» የሚል ስልክ በሰዓቱ ስለሚጮህበትም ነው። ለመተኛት በቂ ሌሊት ስጡት።

እናንተ ደግሞ ፋርማሲ ስትመጡ «ዛሬ ቅሜያለሁ፣ በዚህ ሰዓት አቁሜያለሁ፣ ጠጥቻለሁ» በሉን። ማንም አይፈርድባችሁም፤ የምንሰጣችሁን ለመምረጥ ነው። ምርቃናውን በክኒን አታባርሩት። እስኪወርድ ጠብቁ፣ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተኙ፤ ከዚያ ንዱ።

ኪሳችሁ ውስጥም ሆነ ጋቢና ውስጥ ክኒን ያላችሁ አሁን ይዛችሁ ኑ። እዚያ ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ፤ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።