የአንኮበር መንገድ ሲዞር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው፤ ስለ ጎረቤላ። ስሟን ላትሰሙት ትችላላችሁ። የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት ስላችሁ ግን ወዲያው የሸዋ ነገሥታት ትዝ ይሏችኋል። እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው። አንኮበር ሲነሣ ሁላችንም ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እንጀምራለን፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ታሪኩን ዘግተን እንነሣለን። ዛሬ እኔ ከመሬቱ ልጀምር።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳና የበግ መንጋ የሞላበት፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው። ከዚያ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል። ከፊታችሁ ገደል፣ ከገደሉ በታች ደግሞ እየተደራረበ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ተራራ ነው። ሰማዩ የጠራ እንደሆነ የአዋሽ ሸለቆ ድረስ ይታያል። ብዙ ጊዜ ግን ጉሙ ከታች እየተንከባለለ ይወጣና ከተማዋን ከነቤቷ ይውጣታል።

የውኃውን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ከሜዳው በኩል የዘነበው በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይደርሳል። ከገደሉ በኩል የዘነበው ግን እንደ አይራራ ባሉት ወንዞች ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። በአንድ ቀን የዘነበ ዝናብ ነው፤ ዕጣው የሚለየው አንድ ሸንተረር ላይ ነው።

አንኮበርን መናገሻ ያደረጋትም ይህ ጠርዝ ነው። ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ፣ ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚወጣው በዚህ ዳገት ነበር። ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ወደ ታች። ባሪያ ተብለው የተሸጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ወርደዋል፤ ይህንን ሳያነሡ የአንኮበርን ገናናነት መተረክ ለእኔ ግማሽ ታሪክ ነው።

ግመል ደጋውን አይወጣም። ስለዚህ ከቆላው የመጣው ጭነት ከአንኮበር ኮረብታ በታች፣ አልዩ አምባ ላይ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ይቀጥላል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ ሁሉ እዚያ አርብ ገበያ ላይ ይገናኝ ነበር። የዚያ በር ጠባቂና የይፋት ገዢ ደግሞ ዎላስማ ሙሐመድ ነበሩ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ የመንግሥታቸውን መውጫና መግቢያ በእስላም ባላባት እጅ አስቀምጠው ነበር ማለት ነው። ለእኔ የአንኮበር ትልቁ ነገር ከግንቡ ይልቅ ይህ ነው። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ለመፈራረም ሲመጣም የወጣው በዚሁ በአልዩ አምባ በኩል ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? የተለመደው መልስ «ምኒልክ ትተዋት ሄዱ» ነው። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። በ1887 የካቲት ወር ላይ አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ በአገሩ ገጣሚ የነበረው፣ እዚህ መሣሪያ ነጋዴ የሆነው፣ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ በረሃውን በስንት መከራ አቋርጦ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክን አላገኛቸውም። ከአንድ ወር በፊት ሐረርን ይዘው ገና አልተመለሱም ነበርና ሊያገኛቸው ወደ እንጦጦ መሄድ ነበረበት። እኔ የአንኮበርን መገለጫ ቀን ፈልግ ብባል ይህችን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሐረር በተያዘች ጊዜ ወደ ባሕር የሚወስደው ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ዞረ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ አድርጎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያን የሠራው የደሴ መንገድም በጣርማ በርና በደብረ ሲና አለፈ። ቤተ መንግሥት ቢሄድም ከተማ በንግድ ይኖራል፤ አንኮበርን ግን ንጉሡም መንገዱም ተከታትለው ነው የተዋት።

ኮረብታው ላይ ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው፤ በጥንቱ አምሳል የተሠራ ሎጅም አለ። ሰው ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። ጎረቤላን በመኪና መስኮት ያያታል። እኔ የማዝነው እዚህ ላይ ነው። ከጎረቤላ ሰው ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ማዳበሪያ ይቀበላል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል። የደጋው ገበሬ ገብስና በግ፣ የቆላው ገበሬ ማሽላና ፍራፍሬ ይዞ ይገበያያል። ግመሉና የዝሆን ጥርሱ ቀርቷል፤ የደጋና የቆላው ልውውጥ ግን አንድ ቀን እንኳን አልተቋረጠም። ይህን «የወደቀች ከተማ» የሚሉትን አነጋገር ለመቀበል ልቤ አይፈቅድም።

ከኮረብታው ወደ ሰሜን የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽዱ፣ ኮሶው፣ ዝግባው። ገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ሳይንስ በ1970ዎቹ ብቻ ያወቃት፣ የአንኮበርን ስም የያዘች ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። የእረኞቹ ልጆች ከእኛ ከተሜዎች በፊት ሲያዩዋት የኖሩ ናቸው።

የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎረቤላ እደሩ። በማግስቱ በገበያ ቀን ወደ አልዩ አምባ ውረዱ፤ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ጋቢያችሁን ታወልቃላችሁ፣ ከዚያ ጥላ ትፈልጋላችሁ። ከነጋዴዎቹ ጋር ተቀመጡ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው። መመለሻው ሽቅብ ስለሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ተነሡ። በሚቀጥለው ዝግጅት ከዚያው ከገደሉ በታች ስላሉት አርጎባዎች እናወራለን። ደህና ሁኑልኝ።