የጦር መርከብ በሐይቅ ላይ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በሪሞት የሚነዳ የጦር መርከብ ሞዴል ስለመሥራት ባወራንበት ዕለት ስልኩ ፋታ አልሰጠም። አብዛኞቹ ደዋዮች ከወሎ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ሐይቅ ያላቸው ሰዎች ባይደውሉ ነበር የሚገርመኝ። በአየር ላይ ሰዓት ስላጠረን የሮጥኩባቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ።

«የጃፓኗን የጦር መርከብ ያማቶን መሥራት እፈልጋለሁ። ብየዳ እችላለሁ፣ ሞዴል ግን ሠርቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?» (ከኮምቦልቻ የደወለ ወጣት)

ወንድሜ፣ ያማቶን ለጊዜው ተዋት። ርዝመቷ 263 ሜትር ነበር። መቶ ጊዜ ብታሳንሳት 2.63 ሜትር ትሆናለች። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው እያንዳንዳቸው በ100 ሲካፈሉ ክብደቱ የሚካፈለው በሚሊዮን ነው። ያማቶ ሙሉ ጭነት ይዛ 72,000 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር። ሞዴሏ 72 ኪሎ መጣች ማለት ነው። ላቅልላት ብትል ደግሞ ከውሃው በላይ እንደ ቡሽ ትንሳፈፋለች እንጂ መርከብ አትመስልም። ከኮምቦልቻ ሐይቅ ከተማ ድረስ የትኛው ሚኒባስ ነው የሚጭንልህ?

የእኔ ምክር «ኢትዮጵያ»ን ሥራ ነው። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ የነበረችውን። አሜሪካኖች ኦርካ ብለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለባሕር አውሮፕላኖች አገልግሎት ተጠቅመውባታል። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች፤ ምጽዋ ላይ ሆና ስንቱን ባሕረኛ አሠለጠነች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፣ በኋላም ብረቷ ተሸጠ። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ገደማ ነው። መቶ ጊዜ አሳንሰህ ስትሠራት 95 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 2.7 ኪሎ አካባቢ ክብደት ይኖራታል። ባጃጅ ውስጥ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠሃት ትሄዳለህ። ሌላም ጥቅም አላት። የዚያ ዘመን ዲስትሮየሮች (ፈጣንና ቀጭን የጦር መርከቦች) ወርዳቸው የርዝመታቸው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቶሎ እየተገለበጡ ጀማሪን ያስለቅሳሉ። እሷ ደልደል ያለች ናት።

«አናጺ ነኝ። ባልሳ የሚባለውን ቀላል የሞዴል እንጨት ከየት ላምጣ?» (ከወልዲያ የደወሉ አባት)

አባቴ፣ ባልሳ ፍለጋ አይድከሙ። የመርከቡን የጎን አጥንቶች ከ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይቁረጡ፤ በየ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትሩ ያቁሟቸው። ላዩን ከዋንዛ በተሰነጠቀ ቀጭን ጣውላ ያልብሱት። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ከዚያ የመኪና ቦዲ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ፋይበር ግላስ ከነሙጫው ይቀቡት፣ ስቱኮ ይሙሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት ያልስልሱት።

ቀፎውን (የመርከቡን አካል) ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም መቅረጽም ይቻላል፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ግን ያ የጋራዥ ሙጫ ፖሊስተር ከሆነ ፎሙን ይበላዋል። ቁራጭ ላይ ጠብ አድርገው ይዩት። ለፎም የሚሆነው ኢፖክሲ ነው።

«ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው መርከብ ውሃ ሲነካ ወዲያው በጎኑ ተኛ። ቀዳዳ የለውም። ምን ሆኖ ነው?» (ከደሴ የደወለች መምህርት)

አብሽሪ እህቴ፣ ይህ የሁሉም ጀማሪ ጣጣ ነው። መድፎቹ ከምን እንደተሠሩ ስጠይቅሽ «ከብረት ዘንግ» አልሽኝ። አለቀ፣ በሽታው ተገኘ። የጦር መርከብ ጠባብ ነው፤ ማማው፣ ምሰሶውና መድፉ ሁሉ ላይ ነው የሚከመረው። ከላይ ያለ 100 ግራም ከታች ካለ ግማሽ ኪሎ ጋር ይታገላል።

ስለዚህ ከመርከቡ ላይኛ ወለል በላይ ያለውን ሁሉ አቅልሉት። ማማውን ከፒቪሲ ኮርኒስ ቁራጭ፣ መድፉን ከእስክሪብቶ ቀፎ ሥሩት። ቀለም ሲቀባ ማንም አይለየውም። ባትሪውን ታችኛው ወለል ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ አስተኙት። የጎደለውን ክብደት በእርሳስ ብረት (ሊድ) ሙሉ፤ ጎሚስታ ቤት ጎማ ባላንስ ሲያደርጉ የሚጥሉት ቁርጥራጭ ይበቃችኋል። ሳትፈትኑ ግን አታጣብቁት።

ለመፈተኛ ሳፋው ያጥራል፣ የ200 ሊትር በርሜል ለሁለት ቢሰነጠቅም እንደ «ኢትዮጵያ» ያለ የ95 ሴንቲ ሜትር ሞዴል አያስተኛም። ግቢ ውስጥ ሜትር ተኩል ቦይ ቆፍራችሁ ላስቲክ አንጥፉበት። ውሃ ሙሉና መርከቡን በጣታችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ፈጠን ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። እያቅማማ፣ ቆም እያለ ከተመለሰ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይገለብጠዋል።

«የልጄን መጫወቻ መኪና ሪሞት ብጠቀምስ? ሞተርና ባትሪውስ?» (ከሐይቅ ከተማ)

ሪሞቱን ለልጅህ መልስለት። ርቀቱ አጭር ነው፣ ብዙዎቹም መሄድና መቆም እንጂ ቀስ ማለት አያውቁም። ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ቢያንስ ሁለት ቻናል ያለው ያስፈልግሃል፤ አንዱ ለመሪው፣ አንዱ ለፍጥነቱ። የሪሲቨሩን (መርከቡ ውስጥ ያለውን የሪሞት ተቀባይ) አንቴና ከውሃው መስመር በላይ አውጣው። ይህ ሞገድ ውሃ ውስጥ አይሄድም።

ባትሪ መብራት ሲጠፋ ከምናበራው ቻርጅ ላይት ውስጥ ይገኛል። ባለ 6 ቮልቱ 4.5 አምፒር አወር 700 ግራም አልፎ ይመዝናል፤ ራሱ እርሳስ ሆኖ ያገለግልሃል። ሁለት ትናንሽ ባለ 6 ቮልት ሞተሮች፣ ስፒድ ኮንትሮለር (የፍጥነት መቆጣጠሪያ) እና ፊውዝ ጨምርበት። ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደውን የሾፍት ቱቦ በግራሶ ሙላው፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ፍጥነት አታብዛ። እውነተኛዋ «ኢትዮጵያ» በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድ ነበር፤ መቶ ጊዜ ላነሰች ሞዴል የሚያምርባት የዚያ አንድ አሥረኛ ነው፣ ዘና ያለ የእግር ጉዞ። መሪውን ግን ከልኩ ሰፋ አድርገው፣ አለበለዚያ አትዞርልህም።

«ሐይቅ ይሻላል አርዲቦ?» (በአጭር መልዕክት)

ሁለቱም እዚያው ወሎ ያሉ ሐይቆች ናቸው፤ ለመንገድ ግን ሐይቅ የሚባለው ይቀርባል። የትም ሂዱ፣ በጠዋት ሂዱ። የ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ለሞዴሏ የ10 ሜትር ማዕበል ነው። ቄጠማ ያለበትን ዳር ራቁ፣ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደግሞ ባትነዱ ደስ ይለኛል፤ መነኮሳቱ ሞተር ሊሰሙ አይደለም እዚያ የገቡት። መድፍ የደረደረ ነገር ይዛችሁ ስትመጡም ለቀበሌው አስቀድማችሁ ንገሩ።

«መሐል ላይ ባትሪው ቢያልቅስ?» (ያው የኮምቦልቻው ወጣት፣ ድጋሚ ደውሎ)

ዋኝቼ አመጣታለሁ እንዳትል። ሐይቅ ጥልቀቱ ወደ 80 ሜትር ይደርሳል። ከዳር ከ30 ሜትር በላይ አታርቃት። ነፋሱ ወደ አንተ በሚነፍስበት ዳር ቁም፣ መርከቧ ብትቆምም ነፋሱ ራሱ ይመልስልሃል። ቀፎው ውስጥ ባዶ የቀረውን ቦታ ሁሉ በፎም ጠቅጥቀው፣ ውሃ ቢገባባትም አትሰምጥም። ከዚያ በተረፈ ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ስልክ ይዘህ ሂድ፤ ሒሳቡንም ቀድመህ ተነጋገር፣ አለዚያ መርከቧ መሐል ላይ ቆማ እያየ ዋጋ ይጨምርብሃል።